ከፊት ጎማው ጀርባ

መኪናዬን የማጥበው በራሴ እጅ ነው። ዓይን የሚያልፈውን እጅ ይይዘዋል። አንድ ቀን ጠዋት የሾፌሩን በር የታችኛውን ክፍል በስፖንጅ እያሸሁ፣ ከፊት ጎማው ጀርባ ስደርስ ስፖንጁን ያዝ አደረገው። ለስላሳ መሆን የነበረበት ቦታ ሻክሯል። ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጥዬ በባዶ እጄ ዳበስኩት። ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት።

ተንበርክኬ በስልኬ መብራት አየሁት። ነጠብጣብ ሆኗል። አንዳንዱ የመርፌ ጫፍ ያህላል፤ አንዳንዱ የክብሪት ራስ። ከአብዛኞቹ ስር ግራጫ ይታያል። ሦስቱ ግን ቡናማ ናቸው። ቡናማውን ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ።

ማንም አልገጨኝም። በሩን የትም አላጋጨሁትም። በቁልፍ የጫረብኝም የለም። ይህን ሁሉ ያደረገው የራሴ የፊት ጎማ ነው። እኔ መሪውን ይዤ ፊት ለፊት ሳይ፣ እሱ በየቀኑ በጠጠር በሩን ሲደበድብ ከርሟል።

መኪናው የጭቃ መከላከያ አልነበረውም። ረስቼው አልነበረም። አልፈልግም ብዬ ነው የተውኩት። ለምን እንዳልፈለግኩና የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልጽፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው፤ እንደኔ የሚያስቡ ሌሎች ባለመኪናዎችን አውቃለሁ።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ ፓራፋንጎ እንለዋለን። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። “ፋንጎ” ጭቃ ማለት ሲሆን፣ ሙሉው ቃል ጭቃን የሚመክት እንደማለት ነው። ፓራፋንጎው ጭቃውን ከላይ ይመክታል። ጎማው ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚወረውረውን ግን አይችለውም። ያንን የሚችለው ከጎማው ጀርባ የምትንጠለጠለዋ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። እኔ እዚህ ጭቃ መከላከያ የምለው እሷን ነው። ብዙ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የለችውም። ካለችውም ብዙ ጊዜ በጣም አጭር ናት።

ጠጠር በሁለት መንገድ ነው የሚመጣው። አንደኛው በጎማው ጥርስ መሃል የተቀረቀረው ነው። ጎማው ሲዞር ከመሬት ይዞት ይነሳል፤ ከዚያ ይለቀዋል። ሲለቀው ጠጠሩ ከጎማው ጋር አብሮ አይዞርም። ከወንጭፍ እንዳመለጠ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መኪናው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ከመኪናው አካል አንጻር የጎማው ፊት በሰከንድ 25 ሜትር እየሮጠ ነው። የተለቀቀው ጠጠር በር ላይ ሲያርፍ ወደዚያ የሚጠጋ ፍጥነት ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው በጎማው ጠርዝ የተረገጠው ነው። እሱ ደግሞ ወደ ጎን ይፈናጠራል፤ እርጥብ የፍሬ ዘር በሁለት ጣት መሃል ስትጨምቀው እንደሚያመልጥህ ማለት ነው።

ፍጥነት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። የአንድ ጠጠር ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ፍጥነትህን ከ40 ወደ 80 ስታሳድግ፣ ያው ጠጠር አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ይመጣል። ሰፋ ያለ ጎማ ያሰሩ ሰዎች ደግሞ የበለጠ ይጎዳሉ፤ ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወጣ ሲል የሚያስቆመው ነገር የለም። መሪው ሲዞርም የፊት ጎማ ከቤቱ ወጣ ይላል። ጥምዝምዝ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ በሮቹ ቶሎ የሚያልቁት አንድም በዚህ ነው።

የራስህ መኪና የት ላይ እንደሚመታ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ዝናብ በዘነበበት ቀን በጭቃ መንገድ ሄደህ ስትመለስ መኪናውን አትጠበው። ይድረቅ። ከዚያ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለህ በጎን በኩል እየው። ከፊት ጎማው ጀርባ የተነሳ፣ ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄድ የጭቃ ማራገቢያ ታያለህ። ከስሩ በጣም ወፍራም ነው፤ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የበሮቹን ታች ይሸፍናል። ከበሮቹ ስር በርዝመት የሚሮጠውን ላሜራ ይሸፍናል። መጨረሻ ላይ የኋላውን የጎማ ቤት የፊት ጠርዝ ያገኛል። ጭቃው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ጠጠርም የሚያርፍበት ቦታ ነው። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ነው የምገዛውን መከላከያ ስፋት የወሰንኩት።

ቀለሙ ደግሞ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። አብዛኛው የዛሬ መኪና ላሜራው በዚንክ የተለበጠ ነው። መላው አካል ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የዝገት መከላከያ ቀለም ይለጠፍበታል። በላዩ ፕራይመር የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ግራጫ የሆነው የመነሻ ቀለም ይመጣል። ቀጥሎ መኪናውን ቀይ ወይም ነጭ ያሰኘው ቀለም። ከሁሉም በላይ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት የሚያብረቀርቀው ንብርብር አለ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ፣ በተለመደው የፋብሪካ ቀለም፣ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። 100 ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። አንድ የማተሚያ ወረቀት ያን ያህላል።

አንድ ወረቀት። በእጄ ይዤ በጥፍሬ ዳር ዳሩን ነካካሁት። በዚህች ውፍረት ነው መኪናውን ከዝናብም ከፀሐይም የምናስጥለው። በሰከንድ 25 ሜትር የሚመጣ ጠጠር ይህቺን ወረቀት ቢበሳት ምን ይገርማል?

ጠጠሩ ፕራይመሩ ላይ ከቆመ ግራጫ ታያለህ። ይህ አያስቸኩልም፤ ቢሆንም መድፈን ይሻላል። ብረቱ ላይ ከደረሰ ግን ውኃና አየር አብረው ይገባሉ። ዚንኩ ለጊዜው ራሱን እየሠዋ ብረቱን ያቆየዋል። ዚንኩ ሲያልቅ ዝገት ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ከነበረበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ቀለም ከስሩ እየገፋ ያነሳዋል። ከላይ ስታየው ትንሽ እብጠት ናት። በጥፍርህ ስትነካት ትፈርሳለች፤ ከስሯ ያለው ቀዳዳ ከእብጠቷ ይሰፋል። መንገድ ላይ ጨው ካለ ይህ ሁሉ ይፈጥናል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከዚህ በፊት በነበረኝ መኪና ላይ የጭቃ መከላከያ ገጥሜ ነበር። አራቱንም። ገዝቼ ያመጣሁ ዕለት፣ ሊመሽ ሲል፣ በጥድፊያ። መኪናውን ውኃ ደፋ ደፋ አድርጌበት ከላይ የደረቀ መስሎኝ ጀመርኩ። አንዷ መከላከያ ከነበረው ቀዳዳ ጋር አልገጠመችም። ትራፓኖ አንስቼ የጎማውን ቤት ጠርዝ በሳሁ። ብረቱ ተላጠ፤ ብልጭ አለ። በላዩ ቪቴውን አሰርኩበት። አንድ ጠብታ ቀለም አላስነካሁትም። ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳያቸው በጣም ደስ አሉኝ። መኪናዬን የጠበቅኳት መሰለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዷ መከላከያ ከመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተያይዛ ተቀደደች። ልቀይራት ስፈታት ያየሁትን አልረሳውም። መከላከያዋ በቀለሙ ላይ ባረፈችበት መስመር፣ እንደ ጨረቃ ቁራጭ የጎበጠ፣ የጣት ስፋት ያለው ቦታ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ተፍቆ አልቋል። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብረት ደግሞ እንደ ደረቀ ቅጠል ተላጠ። ቪቴው ተፈትቶ ሳይሆን ከነብረቱ ነው የወጣው። የሌሎቹንም ሦስቱን ፈታሁ። ሁለቱ ደህና ናቸው ለማለት ይከብዳል፤ አንዷ ብቻ ናት ንጹህ የነበረችው።

በዚያ ቀን ነው “መኪና የሚያበሰብሰው የጭቃ መከላከያ ነው” ብዬ የደመደምኩት። ቀጣዩን መኪና ስገዛ በደመደምኩት ጸናሁ። ውጤቱ ከላይ የነገርኳችሁ በር ነው።

ያን በር ለማሳየት አንድ በዕድሜ የገፉ ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄድኩ። ዝም ብለው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። “መከላከያው የት አለ?” አሉኝ።

“አላደርግም ጋሼ። የበፊቱን መኪናዬን እሱ ነው የጨረሰብኝ።”

“እሱ አይደለም ልጄ። ከስሩ የተኛው አሸዋ ነው።”

ከመሬት ትንሽ አቧራ ቆንጥረው መዳፌ ላይ አደረጉ። ምራቃቸውን በጣታቸው ነክተው አረጠቡት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በላዩ አድርገው ወደፊትና ወደኋላ አሹት። ቀስ ብለው ነው ያሹት፣ ግን ይቧጥጣል። “መኪናው በሄደ ቁጥር መከላከያው ይንቀጠቀጣል። ይሄን አሸዋ ይዞ ቀለሙን እንዲህ ያደርገዋል። ውኃ ሲገባ ደግሞ እዚያው ይቀመጣል። አሸዋ እንዳይገባ አድርገህ ግጠመው። ከገባም አውጣው። ሌላ ነገር የለውም።”

መዳፌን እያየሁ ቆየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ወረቀት በመኪናዬ ላይ አስሬ ስነዳ እንደነበር ገባኝ። ለካ መከላከያው ሥራውን ሠርቷል፤ ከበሩ ላይ ጠጠሩን መልሷል። መከላከያው ራሱ ቀለሙን በሚነካበት የጣት ስፋት ቦታ ላይ ግን የሚከላከል ማንም አልነበረም። እሱን ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ጊዜ ቀኑን ሙሉ ለሥራው ሰጠሁት።

መጀመሪያ ቁስሉን ማከም ነው። ዝገት ያለበትን በመከላከያ መሸፈን ችግሩን ከዓይን መደበቅ ብቻ ነው። ሦስቱን ቡናማ ነጥቦች በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ንጹህ ብረት እስኪታይ ፈተግኩ። በአልኮል ጠረግኩ። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንቲራስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ከዚያ የመኪናውን ቀለም፣ ከዚያ ክሊር፣ እያንዳንዱን እያደረቅኩ። ከቅርብ ስታየው ይታወቃል። ቢሆንም ውኃ አይገባበትም፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ታገስኩ። አዲስ ቀለም በደንብ ሳይደርቅ ምንም ነገር ሊለጠፍበት አይገባም።

ቀጥሎ መከላከያዋ ቀለሙን የምትነካበት መስመር። ይህ ነው የሥራው ልብ። መከላከያዋን ቦታዋ ላይ ይዤ ዙሪያዋን በቀላሉ በሚነሳ የወረቀት ፕላስተር ምልክት አደረግኩ። ከዚያ በምልክቱ ውስጥና ትንሽም ወጣ ብሎ፣ ለመኪና ቀለም መጠበቂያ የሚሸጠውን ግልጽ የፖሊዩሬቴን ፊልም፣ ማለትም የሚጣበቅ ተጣጣፊ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ለጠፍኩ። ውፍረቱ 200 ማይክሮን ያህል ነው። ሙሉው ቀለም ራሱ ያን ያህል አይሆንም። አሸዋው መፈተጉን አይተውም፤ ግን የሚፈትገው ፊልሙን ነው። ፊልም ሲያልቅ ይነሳና ሌላ ይለጠፋል። የፋብሪካ ቀለም ግን አንዴ ካለቀ አለቀ።

የመከላከያዋ ዓይነት ላይ ብዙ አሰብኩ። ደረቅ ፕላስቲክ ቅርጹ ያምራል፤ ለመኪናው ሞዴል ተብሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በነበሩት ቀዳዳዎች ላይ ልክ ይገጥማል። ችግሩ ጠርዝ ድንጋይ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ከባድ ቅዝቃዜ ባለበት ደግሞ የበለጠ ይሰበራል። ጎማ ወይም ፖሊዩሬቴን ይታጠፍና ይመለሳል። የራሊ ውድድር መኪኖች ላይ የምታዩት እንደ ወፍራም ወረቀት የተንጠለጠለው ዓይነትም ተጣጣፊ ፕላስቲክ ነው፤ ምክንያቱም ያው ነው። እኔ ተጣጣፊውን መረጥኩ። ስፋቷ ከጎማው በጎን በኩል አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ወጣ ያለች። ርዝመቷን ግን አላጋነንኩም። ዝቅ ባለች ቁጥር ብዙ ጠጠር ትይዛለች፤ ዝቅ ባለች ቁጥር ደግሞ ወደኋላ ስትሄድ ጎማውና ጠርዝ ድንጋዩ መሃል ትገባለች። እንዲያ ስትያዝ እሷ ብቻ አትቀደድም። ያሰራትን ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም የባምፐሩን ጫፍ ይዛ ትሄዳለች።

ለመግጠም ጎማውን መፍታት የግድ አይደለም። የፊቱን ለመሥራት መሪውን እስከ መጨረሻው ማዞር ይበቃል፤ ከጎማው ጀርባ እጅ የሚያስገባ ቦታ ይከፈታል። የኋላው ይጠባል። ጎማውን ለመፍታት ከወሰናችሁ ግን መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ እያለ ከስሩ አትግቡ። መደገፊያ አስገቡለት፣ ሌሎቹን ጎማዎችም ከኋላና ከፊት ደግፉ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ክሪክ ይንሸራተታል።

አዲስ ቀዳዳ እንደማልበሳ ቀድሜ ወስኜ ነበር። በጎማው ቤት ውስጥ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ የታሰረባቸው ቪቴዎችና ክሊፖች አሉ። እነሱን ፈትቼ በዚያው ቀዳዳ ትንሽ ረዘም ባሉ ቪቴዎች አሰርኩ። አንዷ ላይ አሁንም አልገጠመም። በዚህኛው ጊዜ የበሳሁት ላሜራውን ሳይሆን መከላከያዋን ነው። በጣም ቀላል ነገር ነው፤ ያኔ ግን ጭራሽ አልታየኝም።

ብረቱን መብሳት የግድ የሆነበት ሰው ይኖራል። እሱ ከመብሳቱ በፊት ከኋላው ምን እንዳለ ይይ። በብዙ መኪኖች ላይ የነዳጅ መሙያው ቱቦ የሚያልፈው ከአንደኛው የኋላ ጎማ ቤት ጀርባ ነው። በፊትም በኋላም ወደ ጎማው ፍጥነት መለኪያ የሚሄድ ሽቦ አለ። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ ባትሪው ከወለሉ ስር እስከ ጎኖቹ ይደርሳል። ከበሮቹ ስር ባለው ላሜራ ላይ ውኃ የሚወርድባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱን መድፈን ውኃውን ውስጥ አስቀርቶ ከውስጥ ማዛግ ነው። ከበሳም በኋላ የቀዳዳውን ጠርዝ አለስልሶ፣ አንቲራስትና ቀለም ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ቪቴውን በግሪስ ወይም በሰም ነክሮ ነው ማስገባት። የማይዝግ ብረት ቪቴ ጥሩ ነው። ላሜራው አሉሚኒየም ከሆነ ግን ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በመሃላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ።

ቪቴ ስታጠብቁ ደግሞ ጉልበት አታሳዩ። እጄ ላይ ያለው ካቻቪቴ ነበር፤ ትራፓኖውን በዓላማ ነው ቤት የተውኩት። ከመጠን በላይ የጠበቀ ቪቴ ፕላስቲኩን ያዛባዋል፤ መከላከያዋ ትወዛወዛለች፤ በተዛባው በኩል አሸዋ ይገባል። ሁሉንም ልል አድርጌ ካስገባሁ በኋላ መከላከያዋን አስተካክዬ፣ ተራ በተራ ትንሽ በትንሽ አጠበቅኩ።

ከዚያ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ። ጎማው መከላከያዋን መንካት የለበትም። ባዶ መኪና ላይ ያልነካ ግን ሰው ሲሞላ ሊነካ ይችላል፤ ሞላው ሲጨመቅ ጎማው ወደ ቤቱ ጠልቆ ይገባል። ሦስት ሰው ከኋላ አስቀምጬ እንደገና አየሁት። የግራው የኋላ ጠጋ ብሎ ነበር። ጫፉን በመቁረጫ ቢላ አንድ ሴንቲሜትር ቀነስኩለት።

የኋላዎቹ ነገር ብዙ ሰው ያከራክራል። የፊት ጎማ የሚጎዳው የራስህን በር ነው፤ የኋላ ጎማ ግን የባምፐርህን ጥግ ከነካ በኋላ የቀረውን የሚወረውረው ለሚከተልህ ሰው ነው። ስለዚህ “የፊቱን ብቻ ላድርግ” የሚል አለ። እኔ አልስማማም። በዝናብ ጊዜ መከላከያ ከሌለው መኪና ኋላ ነድቻለሁ። መጥረጊያው በሙሉ ኃይሉ እየሠራ የፊት መስታወቴ ቡናማ ነበር። ለተወሰኑ ሰከንዶች ምንም አላየሁም። ከኋላዬ ያለው ሰው እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። የእሱ ኮፈኖና የእሱ መስታወት የሚጠበቁት በእኔ መከላከያ ነው። የእኔም ኮፈኖ እንደዚያው፤ የራሴ ጭቃ መከላከያ ለእሱ ምንም አያደርግለትም፤ የሚያተርፈው ከፊቴ ያለው ሰው ያሰራው ነው።

ከገጠምኩ በኋላ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ድምፁን ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ስገባ ከእግሬ ስር ይሰማኝ የነበረው ጣ፣ ጣ፣ ጣ የሚል ስለታም ድምፅ ደብዛው ጠፋ ማለት ይቻላል። በምትኩ ወደ ኋላ ላይ ድም የሚል የታፈነ ነገር አለ። መከላከያዋ ላይ የሚያርፍ ጠጠር ነው። አልፎ አልፎ ያቺ ስለታም ድምፅ ትመጣለች፤ መከላከያዋ ሁሉንም ጠጠር አታስቀርም። ወደ ጎን የሚፈናጠረው በጠርዟ ያመልጣል። የሚያጣብቅ ጭቃ ባለበት ቀን ደግሞ በጎማውና በመከላከያዋ መሃል ይጠቀጠቃል፤ ወርጄ በእንጨት ማውጣት አለብኝ።

በዓመቱ ፈታኋቸው። አንዷን መፍታት የፈጀብኝ ስምንት ደቂቃ ነው። ከግራዋ የፊት መከላከያ ስር፣ ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጌ፣ አንድ ማንኪያ የሚሞላ ደቃቅ አሸዋ ወጣ። ፊልሙ ላይ የጨረቃዋ ቁራጭ ቅርጽ አለች። ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ተፈትጓል። ጫፉን በጥፍሬ አንስቼ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ከስሩ ያለው ቀለም መኪናው እንደተገዛበት ቀን ነበር። የስልኬን መብራት አበራሁበት፤ መብራቱ ሳይሰበር ተመለሰ።

አዲስ ፊልም ቆረጥኩ። ከመለጠፌ በፊት ግን እጄን አድርቄ፣ ጣቴን ከዚያ ቦታ ጀምሬ በበሩ ታች እስከ ኋላው ጎማ ድረስ ወሰድኩት። የደፈንኳቸው ሦስቱ ነጥቦችና የቆዩት ግራጫዎቹ ይታወቃሉ። አዲስ የያዘኝ ነገር የለም።